ውሃውን ሊጠጡት ነው?

(መርሳ ላይ ለከተማዋ ነዋሪዎች፣ ለሀብሩ ገበሬዎችና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ ጥቂት እርማት ተደርጎበታል።)



ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚሁ መርሳ፣ ዘወትር ቡና ከምጠጣበት ቤት ተቀምጬ ከድሮ ተማሪዬ ጋር ስለ ደቡብ ዋልታ እናወራ ነበር። ሩሲያውያን ከ20 ዓመት በላይ በረዶ ሲቆፍሩ ኖረው ከሥሩ ካለ ሐይቅ መድረሳቸውን እየነገርሁት ነው። ቡናውን የሚያፈሉት እናት ጀበናውን ከምድጃው እያወረዱ፣ «መምህር፣ ውሃውን ሊጠጡት ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኋቸው። «እህ፤ መስኖ ሊያወጡበት ይሆናላ።» እንኳን እህል ሣር የማይበቅልበት አገር ነው አልሁ። ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ ምን ለከፋቸው?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ጥያቄው ተከትሎኝ ቤት ገባ። እኒህ ሴት በልጅነታቸው እንስራ፣ ካደጉ በኋላ ጀሪካን አዝለው ዳገት ሲወጡ የኖሩ ናቸው። ውሃ ፍለጋ ምን እንደሆነ እኔ ለእሳቸው ላስተምር አልችልም። ስለዚህ «የሳይንስ ነገር ነው፣ ይተዉት» ብሎ ማለፍ ነውር መሰለኝ። ዛሬ የመጣሁት ያን ጥያቄ ለመመለስ ልሞክር ነው። አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ፍለጋው ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን «አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል» የሚለው የተለመደው ምክንያት አይደለም። እርሱን በኋላ እንጣላበታለን።

በመጀመሪያ አገሩን እንየው። አንታርክቲካ ኢትዮጵያን ከ12 ጊዜ በላይ የሚያጥፍ ክፍለ ዓለም ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁለመናው ግግር በረዶ ለብሷል። በመሀሉ ሩሲያውያን ቮስቶክ ብለው የሰየሙት ጣቢያ አለ። ሐምሌ 14 ቀን 1975 ዓ.ም. እዚያ የተለካው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ነበር። የዋድላንና የደላንታን ውርጭ ያየ ሰው ብርድ አውቃለሁ ሊል ይችላል፤ ከዚህኛው ጋር ግን አይተዋወቁም። እንግዲህ ከዚህ ጣቢያ ሥር፣ ከ3,700 ሜትር በላይ ውፍረት ካለው በረዶ ታች፣ ያልረጋ ውሃ አለ። ርዝመቱ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 50 ገደማ ነው። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ ደርሶ መልሱ እንኳ ከዚህ ሐይቅ ርዝመት ያንሳል። አራት ጣናዎች ጎን ለጎን ይተኙበታል።

እንዴት አወቁት? ጋን ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ለማወቅ እናቶቻችን ክዳኑን አይከፍቱም፤ በጣታቸው ቆርቆር አድርገው ያዳምጣሉ። ነገሩ ያው ነው። አንድሬ ካፒትሳ የተባለ የሶቪየት ጂኦግራፈር እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1964 በረዶው ላይ ፈንጂ እያፈነዳ ከታች የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ መዘገበ። መዝገቡ ውስጥ የውሃው ድምፅ ነበረበት፤ በጊዜው ግን ማንም እንደ ውሃ አላነበበውም። በ1970ዎቹ እንግሊዞች በአውሮፕላን ራዳር ሲያስሱ አንዳንድ ቦታ ማሚቶው ለስላሳና ጠንካራ ሆኖ ተመለሰላቸው። በ1990ዎቹ ደግሞ ሳተላይት የበረዶውን ገጽ ሲለካ፣ ከቮስቶክ በላይ ያለው እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ሆኖ ተገኘ፤ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ በረዶ እንዲያ ነውና። ያኔ የካፒትሳ አሮጌ መዝገብ ከመሳቢያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሩሲያውያንና እንግሊዞች በአንድነት ጽፈው ሐይቁን ለዓለም አስታወቁ። መልሱ 30 ዓመት ሙሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምወድደው ይህን መሳቢያ ነው።

ለምን አልረጋም? ከመሬት ሆድ ሙቀት ይወጣል፤ ፍል ውሃ የተጠመቀ ሰው ያውቀዋል። አራት ኪሎ ሜትር የሚጠጋው በረዶ ደግሞ እንደ ድርብ ጋቢ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። በዚያ ላይ ክብደቱ ውሃውን ተጭኖ ስለያዘው፣ ውሃው ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ እንኳ ሆኖ በረዶ አይሆንም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ቮስቶክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ቆጠራ በአንታርክቲካ ብቻ 675 ይላል።

ስውር ውሃ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከቆቦ እስከ ጊራና ያለው ሸለቆ ሆዱ ውሃ ነው። ክረምት ተራራው ላይ የወረደው ዝናብ በጠጠሩና በአሸዋው ገብቶ ከእግራችን ሥር ይተኛል። የጉድጓድ ባለሙያዎች ሪጉን ከማቆማቸው በፊት ሽቦ ዘርግተው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲልኩ አይታችሁ ይሆናል፤ እነሱም ጋኑን ቆርቆር እያደረጉ ነው። ውሃው ሲወጣ እልል እንላለን። ደግ ነው። ነገር ግን ይህ ውሃ ስንት ዘመን ተጠራቅሞ ነው? በየዓመቱ ስንቱ ይተካል? ብለን የምንጠይቀው ብዙውን ጊዜ ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ነው። ጥያቄ ከፓምፕ መቅደም ነበረበት።

ወደ ቮስቶክ ልመለስ፤ ቁፋሮው ራሱ ትምህርት አለውና። ወደ ሐይቁ የደረሰው ጉድጓድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በ1998 ከ3,623 ሜትር ደረሱና ቆሙ። የቀረው 150 ሜትር እንኳ አይሞላም። ያቆማቸው ድካም አልነበረም። በረዶ ሲቆፈር ጉድጓዱ ከጎኑ እየተጫነው ይዘጋል፤ እንዳይዘጋ ደግሞ የማይረጋ ፈሳሽ ይሞላበታል። እነሱ የሞሉት በአብዛኛው ነጭ ጋዝ ነበር፤ እኛ ላምባ የምንለው፤ ወደ 60 ቶን። ከሥሩ ደግሞ የሰው እጅ ነክቶት የማያውቅ ውሃ አለ። ዓለም «ቆይ!» አለ።

በየምንጫችን ያለውን ደንብ ታውቃላችሁ። ከብት የሚጠጣው ከታች ነው፤ ልብስ የሚታጠበው ከታች ነው፤ ከዓይኑ የሚቀዳው በንጹሕ ቅል ነው። ይህን ደንብ የጣሰ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። የበረዶው ሐይቅ ጠበቆች ያሉትም ከዚህ አይለይም፤ ላምባ በነካ ቅል ከምንጭ ዓይን አይቀዳም። ከብዙ ክርክር በኋላ ሩሲያውያን ቁፋሮውን ቀጥለው ጥር 27 ቀን 2004 ዓ.ም. 3,769 ሜትር ላይ ውሃውን አገኙት። ውሃው በግፊቱ ወደ ጉድጓዱ ሽቅብ ወጣና ረጋ። ከዚያ የተወሰደው ናሙና ግን ጭቅጭቅ አላጣውም፤ የተገኘው ሕይወት የሐይቁ ነው ወይስ የቆፋሪው? የላምባው ነገር እስከ ዛሬ ይነሣል። ተቃዋሚዎቹ ልክ ነበሩ ማለቴ ነው። ፍለጋን መደገፍ ማለት ማንም በማናቸውም ቅል ይቅዳ ማለት አይደለም።

በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012፣ እንግሊዞች ኤልስዎርዝ የተባለውን ሐይቅ በሙቅ ውሃ ሊቆፍሩ ሞከሩ። ሙቅ ውሃ በረዶውን እያቀለጠ ይወርዳል፤ ላምባ አያስፈልገውም። አልተሳካላቸውም። በፈረንጆቹ ገና ዕለት አቁመው ዕቃቸውን ጠቀለሉ። ስንት ዓመት የተዘጋጁበት ነገር! ሳይንስ ሁልጊዜ ያሸንፋል የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን ቀን አስታውሱት። ከአንድ ወር በኋላ አሜሪካውያን፣ የቁፋሮ ውሃቸውን አጣርተውና በአልትራቫዮሌት ጨረር ጀርሙን ገድለው፣ ዊላንስ ወደ ተባለ ትንሽ ሐይቅ ወረዱ። በረዶው 800 ሜትር፣ ውሃው 2 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ውሃ አንዲት ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛው፣ 130,000 ያህል ሕያው ሕዋሳት ተቆጠሩባት። ፀሐይ በማይደርስበት ጨለማ ከድንጋይና ከጭቃ የሚወጣውን ማዕድን እየተመገቡ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

ይህን ስነግራቸው ቡና የሚያፈሉት እናት፣ «ድንጋይ በልተው?» አሉ። አዎ፣ ድንጋይ በልተው።

አሁን ለሙግቱ እንድረስ። ለእንዲህ ያለ ምርምር ገንዘብ ሲጠየቅ ሳይንቲስቶች የሚመዙት አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶማስ ብሮክና ሁድሰን ፍሪዝ የሎውስቶን በተባለው የአሜሪካ ፓርክ፣ ከሚፍለቀለቅ ፍል ውሃ ውስጥ የምትኖር ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ጻፉ። ፍል ውሃ ውስጥ ትኖር ይሆን ከማለት በቀር የተለየ ዓላማ አልነበራቸውም። ከዓመታት በኋላ ሙቀት የማይበግረው የዚህች ባክቴሪያ ኢንዛይም ፒሲአር ለተባለው የምርመራ ዘዴ ሞተር ሆነ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ሲገለጽ፣ ከዚያም በኋላ አፍንጫችን ውስጥ ጥጥ ሲገባ፣ ናሙናው የተመረመረው በዚሁ ዘዴ ነው።

ታሪኩ እውነት ነው፤ ያማረም ነው። እኔ ግን እንደ ማስረጃ አልወደውም። ሎተሪ የወጣለትን ሰው እያሳዩ ቲኬት እንደ መሸጥ ይመስለኛል። ያልወጣላቸው ስንት ናቸው? ከቮስቶክ ውሃ መድኃኒት ይገኝ ይሆን ተብሎ የሚቆፈር ከሆነ፣ ያልተገኘ ቀን እኒያ እናት ልክ ነበሩ ማለት ነው። ድሃ አገር ደግሞ በሎተሪ ቲኬት አትሟገትም።

ሌላ ታሪክ አለኝ፤ ከማሳችሁ። አቀንጭራን ለሀብሩ ማሽላ አራሽ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። አበባዋ ያማረ፣ ሥራዋ የሌባ። ማሳው ዝናብ ጠግቦ ማሽላው የተጠማ ይመስላል፤ እርሷ ከታች ሆና ከሥሩ ትጠጣለችና። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ዘሩ ከትቢያ አይለይም፤ አፈር ውስጥ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይበቅል መቆየት ይችላል። ምን ሲጠብቅ? ዝናብ ብቻ አይደለም፤ የማሽላ ሥር ጠረን ሲጠብቅ ነው። የማሽላው ሥር አንድ ኬሚካል ያወጣል፤ ዘሩ ያን ሲያሸት ይነቃል። ከእንዲህ ያሉት ኬሚካሎች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ወጣ። ያን የሠሩት ሰዎች አረሙን የመዋጋት ሐሳብ ነበራቸው። ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ቀረ፤ ማሽላ ምን አቅብጦት ነው ሌባውን የሚጠራው?

መልሱ የመጣው አቀንጭራን ከማያጠኑ ሰዎች ነው። የሥርና የፈንገስን ወዳጅነት የሚያጠኑ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ ተክሉ ያን ጠረን የሚልከው ከአፈር ፎስፈረስ የሚያመጣለትን ወዳጁን ፈንገስ ሊጠራ ነው። አቀንጭራ በር ላይ ቆማ ጥሪውን የምትሰማ ናት። እንግዲህ አስቡት፤ ፈንገስ ሲያጠና የኖረ ሰው የሀብሩን ገበሬ የዘመናት እንቆቅልሽ ፈታው። ከዚያ ቀድሞም ገቢሳ ኤጄታ የተባለው ኢትዮጵያዊ የማሽላ ሊቅ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሆኖ ጠረናቸው ደካማ የሆነ የማሽላ ዝርያዎችን እየለየ አራብቶ ነበር። ከእነርሱ ሁለቱ ወደ አገራችን ገብተው ጎብዬና አብሽር ተብለዋል። ጎብዬን በቆቦ መንገድ ያለፈ ያውቃታል፤ «አብሽር» የሚለውንማ ወሎዬ ሰምቶ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ። ከዚህ ወደ ወልድያ ስትሄዱ የምታገኙት የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ማሽላ ላይ የሚደክመው በዚሁ ሙያ ነው።

ይህን ያመጣሁት «አያችሁ፣ ይጠቅማል» ለማለት አይደለም። ከመሬት በታች፣ በጨለማ፣ ማን ማንን እንደሚጠራ ሳናውቅ ኖረን፣ አለማወቃችን በየዓመቱ ከጎተራችን ግብር ይወስድ እንደነበር ለማሳየት ነው። አለማወቅ ወጪ የለውም ብለን እናስባለን፤ አለው። ደረሰኝ ስለማይሰጥ ብቻ ነው።

ለዚህ ከማሽላም የሚበልጥ ምስክር አለኝ፤ ከመርሳ በውርጌሳና በውጫሌ አልፋችሁ የምታገኙት፣ ስሙም ግብሩም ሐይቅ የሆነው ውሃ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 88 ሜትር ተብሎ ተለክቷል። ጥልቅ ውሃ ጥሩ መዝገብ ቤት ነው። በየክረምቱ ከዳገቱ የሚታጠበው አፈር፣ በነፋስ የሚመጣው የአበባ ብናኝ፣ ከየእሳቱ የሚበነው ከሰል፣ ሁሉም ወደ ታች ይሰጥማል፤ ያምናው ላይ የዘንድሮው ይነጠፋል። ከሐይቁ ወለል በቱቦ ጭቃ ያወጣ ሰው ዘመንን ከላይ ወደ ታች ያነባል።

ይህ ተሠርቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ከእንግሊዛውያን ባልደረቦቹ ጋር በሐይቅና በጎረቤቱ አርዲቦ ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ከጭቃው የተነበበው የ3,000 ዓመት ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ዳገቱ የዝግባና የጥድ ደን ነበር። ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ደኑ ጠፍቶ ክትክታና ሣር ተተካ። ክትክታ የተራቆተ መሬት ልብስ መሆኑን እረኛ ሁሉ ያውቃል። ዳገቱ 1,800 ዓመት ያህል በዚያው ቀረ። ይህን ሳነብ ልቤ ወረደ፤ እንግዲህ መራቆታችን የትናንት አይደለም ማለት ነዋ።

ቀጣዩ ገጽ ግን ሌላ ነው። ከ1400 እስከ 1700 ባሉት የፈረንጅ ዓመታት ጥድ ተመለሰ፤ ወይራም አብሮት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስሙ በገነነበት ዘመን አካባቢው እንደገና ደን ያወጣ ነበር። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ሲገምቱ የሕዝቡ ቁጥር ቀንሶ፣ ዝናቡም ጨምሮ ይሆናል ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ባሉት 300 ዓመታት ደግሞ ደኑ እንደገና ሳሳ።

እስቲ ይህን ወስደን ዛሬ ተራራ ከከለለው ገበሬ ፊት እናስቀምጠው። «ይህ ዳገት ድሮም ደን አልነበረም፣ አይሆንም» ለሚለው መልስ አለው፤ ሁለት ጊዜ ሆኗል። «ዘግተን ከተውነው በሦስት ዓመት ይመለሳል» ለሚለውም መልስ አለው፤ አንዴ ከተራቆተ 1,800 ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ይህን የነገረን ማንም ያልጠጣው፣ ማንም ያላረሰው፣ 80 ሜትር ጨለማ ውስጥ የተኛ ጭቃ ነው። ጭቃውን ሲያወጡ ያየ የባሕር ዳርቻው ሰው «ምን ለከፋቸው?» ሳይል አይቀርም።

የቮስቶክ በረዶም እንዲሁ መዝገብ ቤት ነው። ለእኒያ እናት ቡና ቤት ውስጥ ሳልነግራቸው የቀረሁት ይህን ነው፤ ያ ጉድጓድ ወደ ውሃው ከመድረሱ በፊት የወጣው በረዶ ራሱ ነበር እህሉ። በረዶ ሲረጋ የዘመኑን አየር በአረፋ ይዞ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት ከዚያ በረዶ የ420,000 ዓመት አየር አነበበ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሙቀት አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ታየ። ዛሬ ስለ አየር ንብረት ለውጥ በየስብሰባው የምንሰማው ነገር አንዱ መሠረቱ እሱ ነው።

«የዋልታ በረዶ ለወሎ ምኑ ነው?» ብትሉኝ ወደ ጣና እወስዳችኋለሁ። ከጣና ወለል የወጣ ደለል እንደሚያሳየው ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ጎደለ አላልሁም፤ ደረቀ። ዓባይ ከጣና አይወጣም ነበር ማለት ነው። በዚያው ዘመን በሰሜኑ ዋልታ በኩል ግዙፍ የበረዶ ክምር እየተናደ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባ ነበር። ሳይንቲስቶች ሁለቱን ያያይዟቸዋል፤ ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ወደ እኛ የሚመጣው ዝናብ መንገዱን ሳተ። ከኮረም አጠገብ ያለው የአሸንጌ ሐይቅም 17,000 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚያስታውስ ደለል አለው። የ66ቱንና የ77ቱን ድርቅ በዓይኑ ያየ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ያኔ ዝናቡ ለምን ቀረ ብለን ወደ ሰማይ ነው ያየነው። የዝናባችን አንዱ ክር ከማናየው በረዶ ጋር ተቋጥሮ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረን አልነበረም።

ሐይቆቹ ራሳቸውም ዝም ብለው አይቀመጡም። እንደ ዊላንስ ያሉት ይሞላሉ፣ ከበረዶው ሥር ሾልከው ይፈስሳሉ፣ እንደገና ይሞላሉ። ውሃው በረዶውን ከሥሩ ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ በረዶ ወደ ባሕር ይንሸራተታል። ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት፣ የሚለውን የሚያውቅ የባሕር ከፍታን ይተነብያል። እኛ ባሕር የለንም ትሉ ይሆናል። ዘንድሮ ጤፋችሁ ላይ የበተናችሁት ማዳበሪያ በየት መጣ? በጅቡቲ ወደብ። ወደቡ ያለው ከባሕሩ አፍ ላይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ፤ ገንዘቡ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ በዚያ ገንዘብ ለሀብሩ ስንት ጉድጓድ ይቆፈር ነበር?» አለኝ። ጥያቄው ያንገበግበኛል፤ ድርቅ ያየ፣ ጦርነት ያየ አገር ልጅ ነውና ያለው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ከአንታርክቲካ የተቀነሰ ገንዘብ ለሀብሩ ጉድጓድ ሆኖ አይመጣም፤ ሌላ ቦታ ይውላል። የእኛ ጥያቄ መሆን ያለበት የእነሱ ጉጉት ለምን ይህን ያህል ያወጣል የሚለው አይመስለኝም። የእኛ ጉጉት ለምን በሰው ገንዘብና በሰው ቋንቋ ብቻ ይሠራል የሚለው ነው።

ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ቆላውን ወርዳችሁ አፋር ውስጥ ዳሎል አለ። ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ጨው፣ አሲድና ፍል ውሃ ተቀላቅለው ቢጫና አረንጓዴ ሆነው የሚፈሉበት። ሕይወት እስከ የት ድረስ ትችላለች? የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ከአንታርክቲካ የማያንስ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቡድን እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘሁበት አለ፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን አሲዱና ጨው እጅግ በከፋበት ኩሬ ውስጥ ሕይወት የለም ብሎ ጻፈ። ክርክሩ የዓለም መጽሔቶችን አዳርሷል። እኔ «የለም» የሚለውን መልስ ከሁሉ አብልጬ ወደድሁት። ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ ብለን ስንል ዳሎል «እኔ ዘንድ የለም» ካለች፣ በጁፒተር ጨረቃ በዩሮፓ ከበረዶ ሥር ባሕር አለ ሲባል ሕይወትም አለ ብለን አንቸኩልም። ወደ ዩሮፓ የምትሄደው መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ተወንጭፋለች። የምትጠይቀውን ጥያቄ ግማሹን ያስተማራት እንደ አፋር ያለ ምድር ነው።

ቅሬታዬን ሳልደብቅ ልናገር። የሐይቅን ጭቃ ታሪክ የያዘው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ፣ በክፍያ በሚነበብ መጽሔት ነው የታተመው። እኔ ያገኘሁት በልመና ነው፤ ውጭ ያለ ዘመድ ልኮልኝ። የባሕሩ ዳር ገበሬ፣ የዳገቱ እረኛ፣ የደኑ ታሪክ ባለቤት፣ ከጭቃው የተነበበውን እስከ ዛሬ አልሰማም። ይህ ከላምባው ጥፋት አይተናነስም። በንጹሕ ቅል መቅዳት ብቻውን አይበቃም፤ የቀዳኸውን ለምንጩ ባለቤት ማቅመስም ደንብ ነው።

እዚሁ መርሳ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ አለን። ልጆቻችን ስለ አፈር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ዘር ይማራሉ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ የጊራና ውሃ ዕድሜው ስንት ነው ብትል፣ ወይም ከአርዲቦ ጭቃ የመጨረሻዎቹን 100 ዓመታት ላንብብ ብትል፣ «ውሃውን ልትጠጪው ነው?» ብለን እንዳንመልሳት እሰጋለሁ። በሽሙጥ ከጠየቅናት በር መዝጋት ነው። ቡና የሚያፈሉት እናት ግን እንዲያ አልጠየቁም። መልስ ፈልገው ነው የጠየቁት፤ ልዩነቱ ድምፅ ላይ ነው።

«የተሰወረውን ፈጣሪ ሰውሮታል፣ ተዉት» የሚሉም አይጠፉም፤ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ሰምቻለሁ። አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን የጉድጓድ ውሃም ተሰውሮ ነበር፤ አያቶቻችን ቆፍረው አወጡት፤ ቆፍረውም ምርቃት ነው ያገኙት። የሰወረው ፈልጉት ብሎ ይሆናል።

ሰዓቴ አልቋል፤ ተማሪዎች መንቆራጠጥ ጀምራችኋል። ጥያቄ እቀበላለሁ። እኒያ እናት ግን ዛሬ ጀበናቸውን ለልጃቸው አደራ ሰጥተው መጥተዋል፤ በስተቀኝ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፅ ማጉያውን መጀመሪያ ለእሳቸው አቀብሉልኝ።